«ሆን ብሎ» ወይስ «ወሰን አልፎ»? በመጀለት አል-አሕካም አንቀጽ 93 ላይ የቀረበ ሒስ

የፊቅህ መርሖዎችን (ቀዋዒድ) የሚያስተምር መምህር ከመጀለት አል-አሕካም አል-ዐድሊያ መግቢያ ጋር መተዋወቁ አይቀርም። ከአንቀጽ 2 እስከ አንቀጽ 100 የተደረደሩት ዘጠና ዘጠኝ መርሖዎች አጫጭር ናቸው፤ ለቃል ጥናት ይመቻሉ፤ ትጉህ ደረሳ በአንድ ክረምት ይጨርሳቸዋል። ከእነዚህ መካከል የጉዳት ካሳን የሚመለከቱ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት አንቀጾች አሉ። አንቀጽ 92 ጉዳቱን በገዛ እጁ በቀጥታ ያደረሰው ሰው (ሙባሺር) ባያስበውም እንኳ ካሳ ከፋይ መሆኑን ይደነግጋል። አንቀጽ 93 ደግሞ ለጉዳቱ መንስኤ ብቻ የሆነውን ሰው (ሙተሰቢብ) ካሳ የሚያስከፍለው «ተዐሙድ»፣ ማለትም ሆን ብሎ ማድረግ ብቻ እንደ ሆነ ይናገራል። ይህ ሒስ የተጻፈው በዚህች አንዲት ቃል ላይ ነው። ቃሏ እንደ ተጻፈች ከተወሰደች የመጀለቱን የራሱን ዝርዝር ድንጋጌዎች ታፈርሳለች፤ በእርቅ ሸንጎ ላይ ከተጠቀሰች ደግሞ የተጎጂን ሐቅ ታስቀራለች።

አንድ ምሳሌ እናስቀምጥ። አንድ ሰው የፍሳሽ ቱቦ ለማስቀበር፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ በመንደሩ መተላለፊያ ላይ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ገንዘብ ያጥረውና ሥራው ይቆማል፤ ጉድጓዱ ሳይከደንና ሳይታጠር ክረምቱ ይገባል። አንድ ሌሊት የጎረቤቱ በሬ ይገባበትና ይሞታል። ሽማግሌዎቹና ኢማሙ ሲሰበሰቡ ባለ ጉድጓዱ «በሬውን ልገድል ብዬ አልቆፈርኩም» ይላል፤ እውነቱን ነው፤ ቢያስምሉትም ይምላል። አንቀጽ 93ን በቃሉ የያዘ ደረሳ ይህን መሐላ ሲሰማ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። የበሬው ባለቤት ግን በእርሻ ወራት ጥማዱን አጥቷል፤ የቀረው አንድ በሬ ብቻውን አያርስም።

መጀለቱ እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 ባሉት ዓመታት በአሕመድ ጀውደት ፓሻ ሰብሳቢነት በኦቶማን መንግሥት የተዘጋጀ፣ መግቢያና 16 መጻሕፍት፣ በጠቅላላው 1851 አንቀጾች ያሉት፣ በሐነፊይ መዝሀብ ላይ የቆመ ሥራ ነው። ለመርሖዎቹ ምንጭ ከሆኑት ኪታቦች መካከል የኢብኑ ኑጀይም «አል-አሽባህ ወን-ነዟኢር» ዋነኛው ነው። አዘጋጆቹ ረቂቁን ሲያቀርቡ ዳኞች ግልጽ የሆነ ዝርዝር ድንጋጌ ሳያገኙ በእነዚህ መርሖዎች ብቻ እንዳይፈርዱ አስጠንቅቀው ነበር። ማስጠንቀቂያው ግን ከመርሖዎቹ ጋር አብሮ አልተሸመደደም። መርሖዎቹ ከአካላቸው ተለይተው ብቻቸውን ታተሙ፣ ብቻቸውን ተብራሩ፣ ብቻቸውን ተጠኑ። ስለዚህ ሒሳችን የሚጀምረው አዘጋጆቹ ራሳቸው ወደ ጠቆሙት ስፍራ፣ ወደ ዝርዝሩ በመመለስ ነው።

ስምንተኛው መጽሐፍ (ከአንቀጽ 881 እስከ 940) ስለ ገስብና ስለ ኢትላፍ፣ ማለትም የሰውን ንብረት ያለ አግባብ ስለ መያዝና ስለ ማጥፋት ይናገራል። አንቀጽ 887 በቀጥታ የሚደርስን ጥፋት፣ አንቀጽ 888 በመንስኤነት የሚደርስን ጥፋት ይተረጉማሉ። የአንቀጽ 888 ምሳሌ ለመምህር የተመቸ ነው። የተንጠለጠለ ፋኖስ ገመድ የቆረጠ ሰው ገመዱን በቀጥታ አጥፍቷል፤ ፋኖሱ ወድቆ ሲሰበር ግን ለፋኖሱ መንስኤ ነው። በአንድ የቢላዋ ምት አንድ ሰው ሙባሺርም ሙተሰቢብም ሆነ። ሁለቱን የሚለየው በድርጊቱና በጥፋቱ መካከል ሌላ ነገር መግባቱ ነው፤ የልብ ሐሳብ እዚህ ላይ ገና አልተነሣም።

ሐሳብ የሚነሣው ወደ ፊት ነው። አንቀጽ 924 በመንስኤነት ለደረሰ ጉዳት ካሳ እንዲከፈል የሚጠይቀውን ሁኔታ ሲደነግግ የተጠቀመው ቃል «ተዐዲ» ነው፤ ሰው ከተፈቀደለት ወሰን ማለፉ ማለት ነው። ምሳሌውም የእኛው ጉድጓድ ነው። አንድ ሰው ከባለሥልጣን ሳያስፈቅድ በሕዝብ መንገድ ላይ ጉድጓድ ቢቆፍርና የሌላ ሰው ከብት ገብቶ ቢሞት ካሳ ይከፍላል፤ በገዛ መሬቱ ላይ ቆፍሮት ከሆነ ግን አይከፍልም። ቆፋሪው ከብቱን ለመግደል አስቦ እንደ ሆነ አንቀጹ አልጠየቀም። አንቀጽ 926 ደግሞ በሕዝብ መንገድ ማለፍ የሁሉም መብት መሆኑን፣ መብቱ ግን ሌላውን ባለመጉዳት የተገደበ መሆኑን ከገለጸ በኋላ ተሸካሚው ሸክሙ ወድቆ የሰው ንብረት ቢያጠፋ፣ አንጥረኛው ብረት ሲቀጠቅጥ ብልጭታው የአላፊ አግዳሚውን ልብስ ቢያቃጥል ካሳ እንደሚከፍሉ ያስረዳል። አንጥረኛ የሰው ልብስ ለማቃጠል ብሎ ብረት አይቀጠቅጥም።

ታዲያ «ሆን ብሎ» የሚለው ቃል ከየት መጣ? መልሱ በእኔ ንባብ ከአንቀጽ 923 አካባቢ ነው። አንድ ከብት አንድን ሰው አይቶ ደንብሮ ቢጠፋ ሰውየው አይጠየቅም፤ አዳኝም ለአደኑ ሲተኩስ ድምፁ ከብት አስደንብሮ ቢያጠፋ አይጠየቅም፤ ለማስደንበር ብለው ካደረጉት ግን ይጠየቃሉ። እዚህ ላይ የሐሳብ ጥያቄ ተገቢ ነው። ማለፍም ማደንም የተፈቀዱ ሥራዎች ናቸው፤ ከወሰን የሚያወጣቸው ክፉ ሐሳብ ብቻ ነው። በሕዝብ መንገድ ላይ ያለ ፈቃድ የተቆፈረ ጉድጓድ ግን ገና ሲቆፈር ወሰን አልፏል፤ የቆፋሪውን ልብ መመርመር አያሻም። እንግዲህ ሆን ማለት ከወሰን ማለፍ ዓይነቶች አንዱ ነው። አንቀጽ 93 አንዱን ዓይነት አንሥቶ የሁሉም ስም አደረገው። ሐነፊዩ ዓሊም ጋኒም አል-በግዳዲ የደማንን ጉዳዮች በሰበሰቡበት «መጅመዕ አድ-ደማናት» ውስጥ ይህንኑ መርሖ ሲያሰፍሩ ለሙተሰቢብ ያስቀመጡት መለኪያ ወሰን ማለፍ ነበር። ትክክለኛው ቃል በመዝሀቡ ውስጥ ነበረ ማለት ነው።

ለአንቀጽ 93 የሚቀርብ አንድ መከላከያ አለ፤ በቀላሉ የሚታለፍም አይደለም። «ሆን ብሎ» ሲባል ጉዳቱን ሳይሆን ድርጊቱን ነው፤ ቆፋሪው መቆፈሩን አስቦ ነው የቆፈረው፤ ስለዚህ ይጠየቃል ይላሉ። ይህ ንባብ የጉድጓዱን ጉዳይ ያስተካክላል። ነገር ግን አዳኙን ምን እናድርገው? እርሱም መተኮሱን አስቦ ነው የተኮሰው፤ መጀለቱ ግን ነጻ አውጥቶታል። ጉዳቱን ማሰብ ነው ብንል አንጥረኛው ነጻ ይወጣል፤ ድርጊቱን ማሰብ ነው ብንል አዳኙ ይያዛል። ሁለቱንም በየቦታቸው የሚያስቀምጥ «ተዐዲ» ብቻ ነው።

ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ነገሩን የሚያወሳስብ የራሳችን ቃል አለ። በሙስሊሙ አነጋገር «ወንጀል» ማለት በአላህ ዘንድ የሚያስጠይቅ ኃጢአት ነው፤ በፍርድ ቤት አማርኛ ግን የወንጀል ሕጉ የሚያስቀጣው ድርጊት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ «ጥፋት» የሚለው ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ነገር ነው። ኢማሙ ስለ አንድ አሽከርካሪ «አላሰበውም፣ ወንጀል የለበትም» ሲሉ ስለ አኺራ እየተናገሩ ይሆናል፤ ጉባኤው ግን «ዕዳ የለበትም» ብሎ ይሰማል። ሸሪዓ እነዚህን ሁለቱን አጥብቆ ለይቷቸዋል። በሱረቱ አን-ኒሳእ 92ኛው አንቀጽ በስሕተት የገደለ ሰው ከፋራውን ከመፈጸሙ በላይ ዲያ ለሟች ቤተሰብ እንዲሰጥ ታዟል፤ ቤተሰቡ ሰደቃ አድርጎ ካልተወው በቀር። ሐሳብ የለም፤ ክፍያ ግን አለ። መጀለቱም በአንቀጽ 916 ሕፃን የሰው ንብረት ቢያጠፋ ካሳው ከሕፃኑ ገንዘብ እንዲከፈል፣ ገንዘብ ከሌለው እስኪያገኝ እንዲጠበቅ ይደነግጋል። ብዕር ያልተነሣበት፣ ወንጀል የማይጻፍበት ሕፃን ባለ ዕዳ ይሆናል። ቡኻሪ በዘገቡት የታወቀ ሐዲስ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤቶች አንዷ በቅናት የሌላዋን ገበታ በሰበረች ጊዜ ነብዩ ደህናውን ገበታ በተሰበረው ፈንታ ላኩ፤ ቁጣዋን ተረድተውላታል፤ ገበታውን ግን አስተክተዋል። ደማን የጎደለን ቦታ መሙላት ነው። የጠፋው አምሳያ ያለው (ሚስሊይ) ከሆነ በአምሳያው፣ ከሌለው በዋጋው (ቂማ) ይሞላል። የቅጣት ሚዛን ሌላ ነው።

ከመጀለቱ በኋላ የመጡ የዐረብ አገሮች የሕግ አርቃቂዎች በዚህች ቃል ላይ ያደረጉት ነገር ራሱ እንደ ሒስ ሊነበብ ይችላል። ዐብዱረዛቅ አስ-ሰንሁሪ የመሩት የ1948ቱ (እ.ኤ.አ.) የግብፅ ሕግ በአንቀጽ 163 ጥያቄውን ሁሉ በጥፋት (ኸጠእ) ላይ አቆመ፤ የሙባሺርንና የሙተሰቢብን ልዩነት በዚያ አንቀጽ አላነሣም። የ1951ዱ የኢራቅ ሕግ በአንቀጽ 186 ስማቸውን ጠብቆ ለሁለቱም ሆን ማለትን ወይም ወሰን ማለፍን ጠየቀ። በዚህም ሙተሰቢብን አስተካከለ፤ ሙባሺርን ግን ከፊቅሁ አራቀ፤ ምክንያቱም ተንሸራትቶ በሰው ዕቃ ላይ የወደቀ ሰው በፊቅሁ ያለ ጥርጥር ካሳ ከፋይ ነው። የ1976ቱ የዮርዳኖስ ሕግ በአንቀጽ 257 የተሻለ ሠራ። በቀጥታ ለደረሰ ጉዳት ካሳው ያለ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ በመንስኤነት ለደረሰው ግን ወሰን ማለፍ፣ ወይም ሆን ማለት፣ ወይም ድርጊቱ ወደ ጉዳት የሚያደርስ መሆኑ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ለዳኛው ሰፊ በር ይከፍታል፤ አንዳንድ ጊዜ ከሚገባው በላይ ይሰፋል ብዬ እገምታለሁ። ያም ሆኖ «ሆን ማለት» ከብቸኛ መለኪያነት ወርዶ ከሦስቱ አንዱ ሆኗል።

የእኛ አገር ሕግ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ለሚደርስ ኃላፊነት በቁጥር 2027 ሦስት ምንጮችን ያስቀምጣል፦ የራስ ጥፋት፣ ጥፋት ባይኖርም ሕጉ በሥራ ወይም በያዙት ነገር ምክንያት የሚያስጠይቅበት ሁኔታ፣ እንዲሁም ለሌላ ሰው ተጠያቂ መሆን። ጥፋት ሆን ተብሎም በቸልተኝነትም ሊሆን እንደሚችል ቁጥር 2029 በግልጽ ይናገራል። ባለ ጉድጓዱ በዚህ ሕግ ፊት ቢቀርብ መሐላው ምንም አይፈይድለትም፤ በአንቀጽ 924 ፊት ቢቀርብም እንደዚያው። ሁለቱ ሕጎች ሳይተዋወቁ እዚህ ላይ ይገናኛሉ። በቁጥር 2067 ሕጉ በድርጊቱ የሌላውን አካል የጎዳን ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ማድረጉም ለሙባሺር ሕግ ቅርብ ነው። የሚለያዩበትም አለ። አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ኃላፊነት ሲደርስበት ቁጥር 2124 አባቱን ሲጠይቅ፣ አንቀጽ 916 የልጁን ገንዘብ እንጂ የወሊዩን አይነካም።

በከብት ጉዳይ ልዩነቱ ለገጠር ኢማሞች በየዓመቱ የሚገጥማቸው ነው። መጀለቱ በአንቀጽ 929 ከብት በራሱ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን አያስጠይቅም፤ ከብቱ የሰው ንብረት ሲበላ እያየ ዝም ካለ ግን ይጠየቃል። ይህ የሐነፊዮች አቋም ነው። ሻፊዒዮች፣ ማሊኪዮችና ሐንበሊዮች ግን በሙወጦእና በአቡ ዳውድ በተዘገበው የአል-በራእ ኢብኑ ዓዚብ ግመል ሐዲስ ላይ ተመሥርተው ቀንና ሌሊትን ይለያሉ፤ ቀን የአትክልቱ ባለቤት አትክልቱን፣ ሌሊት የከብቱ ባለቤት ከብቱን ይጠብቃል። በሱረቱ አል-አንቢያእ 78ኛው አንቀጽ ዳውድና ሱለይማን (ዐ.ሰ.) የፈረዱበት እርሻም በሌሊት በተሰማሩ በጎች የተበላ ነበር። ሻፊዒዩና ሐነፊዩ ጎን ለጎን በሚኖሩበት አገር «የእንስሳ ጉዳት ካሳ የለውም» ብሎ በደፈናው ማስተማር የአንዱን መዝሀብ ቃል የሁሉም ማድረግ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2071 ደግሞ ከብቱ በድንገት ቢያመልጥም ባለቤቱን ይጠይቃል። ሰብሉ ሌሊት የተበላበት ገበሬ በሦስቱ መዝሀቦችም በአገሪቱ ሕግም ካሳ ይገባዋል። ይህን የማያውቅ አስታራቂ ባዶ እጁን ቢመልሰው የሚወቀሰው ሸሪዓው አይደለም።

ወደ መኪና አደጋ ስንመጣ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው፣ የመጀለቱ ስምንተኛ መጽሐፍ የሚናገረው ስለ ንብረት ነው፤ የነፍስና የአካል ጉዳት በፊቅህ ኪታቦች በጂናያትና በዲያ ምዕራፎች የሚታይ ነው። ሁለተኛው፣ አንቀጽ 90 ሙባሺርና ሙተሰቢብ በተገናኙ ጊዜ ጉዳዩን ወደ ሙባሺሩ ብቻ ያስጠጋል። ፍሬኑ መበላሸቱን እያወቀ መኪናውን ያሰማራ ባለንብረት በዚህ አንቀጽ ጥላ ስር ይደበቃል፤ ደሞዝተኛው ሾፌር ብቻውን ይቆማል። የዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1993 በብሩናይ ባካሄደው ስምንተኛ ጉባኤ፣ በ71ኛው ውሳኔው፣ ይህን አርሞታል። ሾፌሩ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው፤ ሊመክተው በማይችል ኃይል፣ ወይም ለውጤቱ ወሳኝ በሆነ የተጎጂው ድርጊት፣ ወይም በሌላ ሰው ጥፋት ካልደረሰ በቀር። ሙተሰቢቡ ወሰን አልፎ ሙባሺሩ ካላለፈ ኃላፊነቱ ወደ ሙተሰቢቡ ይዞራል፤ ሁለቱም ካጠፉ እንደየድርሻቸው ይካፈላሉ። ልብ እንበል፤ አካዳሚው ሙተሰቢቡን የለካው በ«ተዐዲ» ነው። የአገራችን ሕግም በቁጥር 2081 የባለ ሞተር ተሽከርካሪን ባለቤት፣ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ፣ ተጠያቂ ያደርገዋል። እርቅ የሚያወርዱ ሽማግሌዎች የመኪናውን ባለቤት ሳይጠሩ ከሾፌሩ ቤተሰብ ጋር ብቻ ጨርሰው ቢለያዩ ከፊቅሁም ከሕጉም የራቀ ነገር ሠርተዋል።

ይህ ሁሉ ለኢማሙ የሚደርሰው በሱልህ በኩል ነው። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) እና በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት በተከራካሪዎች ፈቃድ ጋብቻን፣ ቀለብን፣ ሞግዚትነትን፣ ውርስን፣ ወቅፍንና እነዚህን የመሳሰሉትን ይመለከታል፤ የጉዳት ካሳ ክስ የሚቀርበው ለመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ በመስጂድ ግቢ የሚደረገው እርቅ ብዙውን ጊዜ ተጎጂው የሚያገኘው የመጀመሪያም የመጨረሻም ችሎት ይሆናል። በዚህ መካከል ጊዜ ይሄዳል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ድርጊቱ በወንጀል ሕግ የሚያስቀጣና ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ከሆነ ብቻ ያ ይርጋ ይሠራል። «እስኪ ልባቸው ይብረድ» እየተባለ ቀጠሮ ሲገፋ ሁለት ዓመት ሩቅ አይደለም።

«የአላህ ቀደር ነው» የሚለውም ቃል በቦታው ይነገር። ሐዘንተኛን ለማጽናናት ከዚህ የበለጠ ቃል የለም፤ በተጠያቂው አፍ ሲገባ ግን የዕዳ መሰረዣ ይሆናል። ያው ቀደር ባሪያው በእጁ ለሠራው ዕዳን አድርጓል። አፉ ማለት ደግሞ የባለ ሐቁ ነው፤ የአስታራቂው አይደለም። ባሏ በመኪና ተገጭቶ የሞተባት ሴት ከልጆቿ ጋር ትቀርባለች፤ በጉባኤው ፊት፣ በሽማግሌ ጉልበት ተለምና፣ «ለአላህ ብዬ ትቻለሁ» ትላለች። የራሷን ድርሻ ትታለች፤ አጅሯም በአላህ ዘንድ ነው። ዲያው ግን በወራሾች ሁሉ መካከል የሚከፋፈል ነው፤ አካለ መጠን ያልደረሱት የቲሞች ድርሻ አለበት። በፊቅህ ወሊይ የየቲምን ገንዘብ በነጻ የመስጠት ሥልጣን የለውም፤ እናትም ብትሆን፣ አጎትም ቢሆን። በዚያ ጉባኤ የተጻፈው የእርቅ ወረቀት የልጆቹን ስም፣ ዕድሜያቸውንና ድርሻቸውን ካልያዘ የእነርሱ ሐቅ አልተነካም፤ ተጠያቂው ለእነርሱ አሁንም ባለ ዕዳ ነው፤ ይህንንም ከመፈረሙ በፊት ሊነግረው የሚገባው እዚያው የተቀመጠው ኢማም ነው።